አንድ ካርታ ለሁለት፦ በሀዋሳ ይዞታ ለማስከፈል ስትሄዱ ፋይላችሁ እንዳይመለስ

ሰው መሬት አስተዳደር ሄዶ «ግቢያችንን ለሁለት ክፈሉልን» ይላል፣ ፎርም ይሞላል፣ ይመላለሳል፣ ከዛ ከስንት ጊዜ በኋላ ፋይሉ «አይቻልም» ተብሎ ይመለስለታል። ብዙ ጊዜ ግን ያልተቻለው መክፈሉ አይደለም፣ የተጠየቀበት መስመር ነው። እህትና ወንድም ቡና ላይ ቁጭ ብለው «ከማንጎው ወዲህ ያንቺ ከማንጎው ወዲያ የኔ» ብለው ይስማማሉ፣ ሽማግሌ ይፈርማል፣ አንዳንዱ እንደውም ቆርቆሮ አምጥቶ ያጥራል። ቢሮው የሚያየው ግን ሌላ ነገር ነው። ቦታው የማን ነው? መሬት ላይ ያለው ልክ ካርታው ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ከተከፈለ በኋላ እያንዳንዱ ቁራጭ ብቻውን ቦታ ሆኖ መቆም ይችላል? በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሚያየው፣ አንዱ ላይ ከተደናቀፋችሁ ቀጣዩ ጋር አይደርስም።

እኛ የእናታችንን ግቢ ስናስከፍል አንዴ ተመልሶብናል፣ ስለዚህ ከታች ያለውን በደንብ አንብቡት፣ በተለይ ደረጃ 3፣ 4 እና 5 ላይ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ይሄን አጣሩ

ይሄ መመሪያ በከተማው የተሰጠ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ላላችሁ ነው። ሀዌላ ቱላ አካባቢና በከተማው ዳር ዳር ከአርሶ አደር በወረቀት ውል የገዛችሁት ቦታ ከሆነ፣ ወይም ሻጩ ራሱ ግቢውን ቆራርሶ «ካርታው በኋላ ይወጣል» ብሎ የሸጠላችሁ ከሆነ፣ የሚከፈል ይዞታ ገና የላችሁም። መጀመሪያ ቦታው መስተካከል አለበት፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። አደራ፣ እንዲህ አይነት ቁራጭ ለመግዛት ብር ይዛችሁ እየሄዳችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ቁሙ። ገና ለሁለት ያልተከፈለ ይዞታ ቁራጭ ስትገዙ ሻጩ በስማችሁ ሊያዞርላችሁ የሚችለው ካርታ የለም።

ደረጃ 1፦ ካርታውን አንብቡት

ብዙ ሰው ካርታውን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል እንጂ አንብቦት አያውቅም። አውጡትና እነዚህን በወረቀት ገልብጡ፦

1. ስሙ የማን ነው? በሟች ስም ነው? በባልና ሚስት ነው ወይስ በአንዳቸው ብቻ?
2. የይዞታው አይነት ምንድነው፣ ነባር (ከሊዝ በፊት በነበረው ስርዓት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግስት በውልና በክፍያ ለተወሰነ ዘመን የተያዘ)?
3. ስፋቱ ስንት ካሬ ነው?
4. የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት (የእያንዳንዱን ጥግ ቦታ የሚያሳዩት ቁጥሮች) ተፅፏል? ስንት ማዕዘን አለው?
5. አዋሳኞቹ እነማን ናቸው፣ መንገድ በየት በኩል ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ኪሳችሁን የሚነካ ጥያቄ ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሰረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ፣ በሽያጭ ወይም በስጦታ፣ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ይገባል። ማለትም ከአባታችሁ ወርሳችሁ ስትካፈሉና ግማሹን ለጎረቤት ሸጣችሁ ስትከፍሉ አንድ አይነት ነገር አይደለም። ቢሮው «ግቢውን ለምን ነው ለሁለት የምትከፍሉት?» ብሎ ሲጠይቅ የምትሰጡት መልስ ሂሳቡን ይቀይረዋልና እውነቱን ተናገሩ፣ ሽያጭን በውርስ አስመስላችሁ አታስገቡ። ሊዝ ከሆነ ደግሞ የሊዝ ውላችሁን ከካርታው ጋር ያዙት፣ ያልተከፈለ ውዝፍ ካለ ጨርሱት፣ ቀሪው ክፍያ ለማን ስንት እንደሚደርስ ከክፍፍሉ ጋር አብሮ መወሰን አለበት።

ደረጃ 2፦ የ«ማን ነው» ጥያቄን ዝጉ

ካርታው በሟች ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጡ። ሁሉም ወራሽ ስሙ መኖሩን ሳታረጋግጡ ወደፊት አትሂዱ፣ አንድ የተረሳ ልጅ ኋላ ቀርቦ ሙሉውን ስራ ያፈርሰዋል። ባለትዳር ከሆናችሁ የሁለታችሁም ፊርማ ያስፈልጋል፣ ካርታው ላይ የአንዳችሁ ስም ብቻ ቢኖርም ማለት ነው።

ውጪ ሀገር ያለ ወንድም ወይም እህት ካለ ውክልናው ላይ ተጠንቀቁ። «ስለ እኔ ሆኖ ማንኛውንም ጉዳይ ይፈፅም» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ፍትሐ ብሔር ህጉ አንቀፅ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለማስተላለፍ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ይዞታውን ለማስከፈል፣ የክፍፍል ስምምነት ለመፈረም፣ ካርታ ለመረከብ» ተብሎ ቃል በቃል ይፃፍ። በኤምባሲ የተሰጠ ከሆነ እዚህ ሲመጣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ይሄ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬ ጀምሩት፣ ሌላው ስራ ጎን ለጎን ይሄዳል።

ከዛ እገዳ አጣሩ። ካርታው ለባንክ ብድር ተይዟል? የፍርድ ቤት እግድ አለበት? እናንተ የማታውቁት እግድ ማህደሩ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል «የለብንም» ብላችሁ አትለፉት፣ ማህደር ክፍል ሄዳችሁ አስፈትሹ። የባንክ እዳ ካለ ባንኩ በፅሁፍ ሳይስማማ ማንም አይነካላችሁም። ግብር ደግሞ እስከ ዘንድሮ ክፈሉና ደረሰኙን ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ።

ደረጃ 3፦ ራሳችሁ ለኩ

ቢሮው ከሚልከው ቀያሽ (መሬት ለኪ ባለሙያ) በፊት ራሳችሁ ለኩ ስላችሁ ለቢሮው ለማቅረብ አይደለም፣ ምን እንደሚጠብቃችሁ እንድታውቁ ነው።

የ50 ሜትር ሜትር ተከራዩ ወይም ተዋሱ፣ ሁለት ሰው ሁኑ። አራቱንም ጎን ለኩ፣ ከዛ ሁለቱን ሰያፍ፣ ማለትም ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ። ግቢው 12 በ25 ነው ከተባለ ሰያፉ በሁለቱም በኩል 27.73 ሜትር አካባቢ መምጣት አለበት። ጎኖቹ ልክ ሆነው ሁለቱ ሰያፎች ከተለያዩ ግቢያችሁ ጠማማ ነው፣ ያኔ «12 ሲባዛ በ25» የምትሉት 300 ካሬ መሬት ላይ የለም። ታቦር ተራራ ስር እንዳሉት ተዳፋት ግቢዎች ከሆነ ሜትሩን መሬቱ ላይ አታስተኙት፣ አግድም ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ካርታ የሚሰራው በአግድም ርቀት ነው።

በስልክ ጂፒኤስ ማዕዘን ለማግኘት አትሞክሩ። አንደኛ ስልክ በብዙ ሜትር ይሳሳታል። ሁለተኛ ደግሞ በሀገራችን ብዙ ካርታ የተሰራው አዲንዳን በሚባለው የኮኦርዲኔት መነሻ ነው፣ ስልኩ የሚያሳየው በሌላ መነሻ ነው፣ በሁለቱ መሀል 200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ስንቱ ሰው የካርታውን ቁጥር ስልኩ ላይ አስገብቶ «ቦታዬ ሰው ግቢ ውስጥ ነው» ብሎ እንቅልፍ አጥቷል መሰላችሁ።

*ልኩ ካልገጠመስ?*

ከካርታው በላይ ከመጣ ትርፍ ይዞታ አለባችሁ። አትደብቁት፣ ቀያሹ በመሳሪያ ሲለካ ይወጣል፣ ያኔ ፋይሉ ከክፍፍል ወደ ትርፍ ጉዳይ ይዞርና እዛ ይቆማል። ቀድማችሁ በማመልከቻችሁ ላይ ጥቀሱትና መጀመሪያ እሱ እንዲወሰን ጠይቁ። ከካርታው በታች ከመጣ ወይ መንገድ ወስዶታል ወይ ጎረቤት ገፍቷል። የጎረቤት ከሆነ ሳትጣሉ በሽማግሌ ጨርሱት፣ የወሰን ክርክር ያለበት ግቢ አይከፈልም።

ደረጃ 4፦ ከቤተሰብ ስምምነት በፊት የከተማውን ፕላን ጠይቁ

እኛ የተሳሳትነው እዚህ ጋር ነው፣ አብዛኛው ሰውም እንደዛው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠነው ነበር፣ መጀመሪያ ተስማማን፣ ከዛ ፕላን ጠየቅን።

ለክፍለ ከተማችሁ አጭር ማመልከቻ ፃፉ፣ «በዚህ ይዞታ ላይ የፕላን አስተያየት ይሰጠን» በሉ፣ የካርታውን ኮፒ አያይዙ። የምትፈልጉት መልስ ይሄ ነው፦

- ቦታው በፕላኑ ላይ ለምን ተመድቧል? መኖሪያ፣ ቅይጥ፣ ንግድ ወይስ አረንጓዴ?
- በአካባቢው ለአንድ ቦታ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ስፋትና ዝቅተኛ የፊት ስፋት (በመንገድ በኩል ያለው ወርድ) ስንት ነው?
- ግቢውን የሚነካ የመንገድ ማስፋፊያ አለ?
- የኋላው ቁራጭ የራሱ መግቢያ ስንት ሜትር ስፋት ይኑረው?
- ሀይቅ ዳር ከሆናችሁ የሀይቁ ጥበቃ ክልል ቦታውን ይነካዋል?

ቁጥሮቹን ከደላላ ወይም ከጎረቤት አትውሰዱ። ጎረቤታችሁ ከአምስት አመት በፊት ግቢውን ለሁለት የከፈለበት ልክ ዛሬ ላይሰራ ይችላል፣ አንድ ሰፈር የሚሰራው ሌላ ሰፈር ላይሰራ ይችላል። በፅሁፍ፣ ማህተም ያለበት፣ ቀን ያለበት ወረቀት ተቀበሉ። ባለሙያው በቃል «ይቻላል ችግር የለውም» ቢላችሁ አመስግናችሁ ወረቀቱን ጠብቁ፣ ፋይሉ የሚደርስበት ጊዜ እሱ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።

የመንገድ ማስፋፊያ ካለ የሚወሰደውን ከስፋታችሁ ቀንሱት። 300 ካሬ ብላችሁ የጀመራችሁት 270 ሊሆን ይችላል፣ ክፍፍሉን በ270 ስሩ።

*ፕላኑ አይፈቅድም ካለስ?* እዚህ ጋር ማወቃችሁ ጥሩ ነው፣ ገና ብዙ ብር አላወጣችሁም። ያላችሁ አማራጭ፦ አንዳችሁ የሌላውን ድርሻ በግምት ከፍሎ ማስቀረት፣ ወይም ሙሉውን ሸጦ ብር መካፈል፣ ወይም በአንድ ካርታ ላይ በጋራ ስም መቆየት። አቅሙ ካላችሁና ፕላኑ ፎቅ ከፈቀደ፣ በጋራ ህንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አይነት መንገድ መሬቱን ሳትቆርጡ ቤቱን መካፈል ይቻል እንደሆነ ህግ ባለሙያ አማክሩ። ፍርድ ቤት መሄድ ፕላኑን አይቀይረውም፣ ፍርድ ቤቱ ራሱ ይከፈላል አይከፈልም ብሎ ይሄንኑ ቢሮ ነው የሚጠይቀው፣ አይከፈልም ከተባለ መጨረሻው ሀራጅ ነው።

ደረጃ 5፦ መስመሩን ስሩ

በወረቀት ላይ ግቢውን ሳሉ፣ 1 ሳንቲ ለ1 ሜትር ብታደርጉት ለ12 በ25 ግቢ አንድ ትልቅ ወረቀት ይበቃል። ቤቶቹን ሁሉ በቦታቸው አስቀምጡ፦ ዋናው ቤት፣ ሰርቪስ፣ ማድ ቤት፣ ሽንት ቤት፣ የሴፕቲክ ጉድጓድ፣ የውሃ ቆጣሪ፣ የመብራት ቆጣሪ።

አሁን በምሳሌ እንየው። ግቢው በፊት 12 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 25 ሜትር፣ መንገድ በፊት ብቻ ነው። ሰው የሚቸኩለው ወደ መሀል ነው፣ 12.5 ላይ ይቆርጠዋል፣ 150 በ150፣ አለቀ ይላል። የኋላው ሰው ግን በየት ይግባ? መግቢያው 3 ሜትር ይሁን እንበል (የናንተን ትክክለኛ ቁጥር ከደረጃ 4 ውሰዱ)። በአንድ ጎን 3 ሜትር ሲወጣ የፊቱ ሰው 9 በ12.5፣ 112.5 ካሬ ብቻ ቀረው። የኋላው 150 ካሬ ግቢ እና 37.5 ካሬ መተላለፊያ አገኘ፣ ካርታው ላይ 187.5 ተብሎ ይፃፋል። እኩል ተካፈልን ብለው የተነሱ ሰዎች እዚህ ጋር ነው የሚኳረፉት።

እኩል የሚሰራበት መሬት እንዲደርሳችሁ ከፈለጋችሁ መስመሩን ወደ ኋላ ግፉት። 14.29 ሜትር ላይ ሲቆረጥ የፊቱ 9 በ14.29 ማለትም 128.6 ካሬ ይሆናል፣ የኋላው 12 በ10.71 እንደዛው 128.6 ገደማ፣ መተላለፊያው 42.9። ካርታ ላይ የኋላው 171 ካሬ ምናምን ይላል፣ መተላለፊያው ስለተደመረበት። ይሄን ለሁሉም ቁጭ ብላችሁ አስረዱ፣ ካለዛ አንዱ ካርታ ላይ ቁጥሩን አይቶ «ተበላሁ» ይላል። ጥግ ላይ ያለ ግቢ፣ መንገድ በሁለት በኩል ያለው፣ ከሆነ ግን ደስ ይበላችሁ፣ መተላለፊያ ሳያስፈልግ ይከፈላል።

ከዛ መስመሩን በቤቶቹ ላይ ፈትሹ። ግድግዳ ይቆርጣል? የዋናው ቤት መስኮት ወደ ሌላው ድርሻ ይከፈታል? የጣራው ውሃ ወዴት ይወርዳል? ሴፕቲኩ የማን ድርሻ ውስጥ ቀረ? ሴፕቲክ ሰው የሚረሳው ነገር ነው፣ ከመሬት በታች ስለሆነ አይታይማ። የፊቱ ቤት ፍሳሽ ከኋላ ባለው ጉድጓድ የሚገባ ከሆነ ወይ አዲስ ቆፍሩ ወይ የመጠቀም መብቱን ስምምነቱ ላይ ፃፉ።

የኛን ልንገራችሁ። የተስማማንበትን መስመር ከውጪ የቀጠርነው ልጅ በሜትር ለክቶ ሳለልን፣ ስዕሉ ላይ ቆንጆ ነበር። ቀያሹ መጥቶ ዘንጉን ሲተክል መስመሩ ማድ ቤቱ ውስጥ 40 ሳንቲ ገብቶ አረፈ። እማዬ ምጣዱ ላይ እንጀራ እየጋገረች ነበር፣ ዘንጉ ከምጣዱ አጠገብ ቆሞ አየችውና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «እንግዲህ ልጆቼ ምጣዴን ለማን ሰጣችሁት?» አለች። ማንም መልስ አልነበረው። ፋይሉ ተመለሰ፣ የተመሰከረለት ስምምነታችን ተሰረዘ፣ ውጪ ያለው ወንድማችን ውክልናው ላይ የድሮው ልክ ተጠቅሶ ስለነበር እንደ አዲስ ላከ። ለ40 ሳንቲ። ስለዚህ ግድግዳና መስመር መሀል ሁለት እጅ ያህል እንኳን አትተማመኑ፣ ፕላን ክፍሉ የሚጠይቀውን ርቀት ጠይቃችሁ ከዛ በላይ ተዉ። ማድ ቤት መፍረስ ካለበት ማን እንደሚያፈርስና ማን እንደሚከፍል ቀድሞ ይፃፍ።

ደረጃ 6፦ ስምምነቱን ፃፉና አስመስክሩ

አሁን፣ ከደረጃ 4 እና 5 በኋላ ብቻ። የቃል ስምምነትም ሆነ ሽማግሌ ብቻ የፈረመበት ወረቀት ለቢሮው አይሆንም፣ ፍትሐ ብሔር ህጉ አንቀፅ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፅሁፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ ይላል። ውስጡ የሚገባው፦ ለማን የትኛው ቁራጭ፣ ስፋቱ፣ መተላለፊያው የማን እንደሆነና ማን እንደሚጠቀምበት፣ የሚፈርሰው ነገር፣ ሴፕቲክና የውሃ መስመር፣ የሊዝ ቀሪ ክፍያ።

ስፋቱ ላይ አንድ ሀረግ አስገቡ፦ «በመስክ ልኬት የሚገኝ ጥቃቅን ልዩነት ለሁለቱም በድርሻቸው ይከፋፈላል»። ይሄ ሀረግ ባይኖር ቀያሹ 128.6 ያላችሁትን 127.9 ሲያገኝ እንደገና ልትፈርሙ ነው።

ደረጃ 7፦ ፋይሉን አስገቡ

ማመልከቻ፣ ዋናው ካርታና ኮፒ፣ መታወቂያ፣ ስምምነቱ፣ ወራሽነት ወይም ጋብቻ ማስረጃ፣ ውክልና ካለ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የፕላን አስተያየቱ፣ የሊዝ ውል ካለ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ቁጥር ስጡትና ማመልከቻው ግርጌ ላይ «አባሪ 12 ገፅ» ብላችሁ ፃፉ፣ ወረቀት ሲጠፋ የሚያድናችሁ ይሄ ነው። ፋይሉ የተመዘገበበትን የገቢ ቁጥር ሳትይዙ ከመስኮቱ አትነሱ። ዋናውን ካርታ የምታስረክቡ ከሆነ ያስረከባችሁበትን ፊርማ ተቀበሉ። ክፍያውን በደረሰኝ ብቻ ክፈሉ፣ «ቶሎ እንዲሄድ» ተብሎ በእጅ የሚሰጥ ብር አታስጀምሩ፣ የተሳሳተ መስመርን ብር አያቃናውም።

ደረጃ 8፦ የመስክ ቀን

ፋይሉ ከተጣራ ቀያሽ ይመጣል። ከቀኑ በፊት፦

1. አራቱን ማዕዘን አፅዱ፣ ቁልቋሉንና ሳሩን ቁረጡ፣ የድሮ ችካል ካለ ሳትነቅሉት እንዲታይ አድርጉት።
2. አዋሳኝ ጎረቤቶቻችሁን ቀድማችሁ ንገሩ። «ጋሼ፣ ሐሙስ ጠዋት ቀያሽ ስለሚመጣ ወሰን ላይ ቢገኙልን» ብላችሁ በር አንኳኩ። ድንገት ሰው አጥራቸው ላይ መሳሪያ ሲተክል ያዩ ጎረቤቶች ናቸው ቅሬታ የሚያስገቡት።
3. ሁሉም ተካፋይ ወይም ወኪሉ ይገኝ።
4. አጥር አትጠሩ፣ አዲስ ቆርቆሮ አትትከሉ።

ቀያሹ ሲለካ አትከራከሩት፣ ግን ጎን ሆናችሁ እያንዳንዱን ርቀት በደብተራችሁ ያዙ። ከራሳችሁ ልክ በብዙ ከተለየ እዛው ቆሞ እያለ ጠይቁት፣ ከሄደ በኋላ ድጋሚ ማስመጣት ሌላ ወረፋ ነው። የተተከሉትን ችካሎች ፎቶ አንሱ፣ ከግድግዳ ያላቸውን ርቀትም ለኩ፣ ችካል በዝናብም በልጆችም ይነቀላል።

ደረጃ 9፦ ውሳኔ፣ ወይም መመለስ

ሁሉም ከገጠመ በሚመለከተው ኃላፊ ይፀድቃል። ከተመለሰ «አልተቻለም» የሚል ቃል ይዛችሁ ወደ ቤት አትምጡ፣ ምክንያቱን በፅሁፍ ጠይቁ።

ምክንያቱ ስፋት ወይም መግቢያ ከሆነ መስመሩን አስተካክላችሁ እንደገና አስገቡ፣ ሙሉ ፋይል አይጀመርም፣ የተሻሻለ ስምምነትና ስዕል ነው የሚያስፈልገው። ቤት መቆረጥ ከሆነ ወይ መስመሩ ይሂድ ወይ ቤቱ ይፍረስ፣ ማፍረስ ከመረጣችሁ መጀመሪያ ፈቃድ። ማህደር ውስጥ ወረቀት ጠፋ ከተባለ ያስገባችሁበትን አባሪ ቁጥር አሳዩ። የተሰጣችሁ የፕላን አስተያየት አንድ እያለ ውሳኔው ሌላ ካለ ግን ሁለቱን ወረቀቶች አያይዛችሁ ወደ ቅሬታ ሰሚ ውሰዱት፣ ደረጃ 4 ላይ ማህተም ያለበት ተቀበሉ ያልኳችሁ ለዚህ ቀን ነው።

ደረጃ 10፦ አዲሱን ካርታ ስትረከቡ

ፈርማችሁ ከመቀበላችሁ በፊት እዛው ቆማችሁ አንብቡ። ስም ከነአያት፣ ስፋት፣ የይዞታው አይነት። የሁለቱ ካርታ ስፋት ሲደመር የድሮውን ይሰጣል? በሁለቱ መሀል ያሉት የጋራ ማዕዘኖች ኮኦርዲኔት በሁለቱም ካርታ ላይ አንድ ነው? አንድ አሀዝ ከተሳሳተ ወሰኑ ይሄዳል፣ እና ከፈረማችሁ በኋላ ማስተካከል አዲስ ጉዳይ ነው። ነባር የነበረው በውርስ ተከፍሎ ሳለ ሊዝ ተብሎ ከተፃፈ አትቀበሉ፣ ጠይቁ።

የድሮው ካርታ መምከኑን አረጋግጡ፣ ኮፒው በየሰው እጅ አለና ኋላ ማንም እንዳይጠቀምበት። በአካባቢያችሁ በአዋጅ ቁጥር 818/2006 የተጀመረው የካዳስተር (የከተማ መሬት ይዞታ) ምዝገባ ደርሶ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ልዩ የይዞታ መለያ ኮድ መመዝገቡን ጠይቁ። ከዛ ለእያንዳንዱ የራሱ የግብር ማህደር አስከፍቱ፣ ካለዛ የሁለቱም ግብር በአንዱ ስም እየተጠራቀመ ይቀጥላል። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ለማስገባት አዲሱን ካርታ ይዛችሁ ሂዱ፣ የኋላው ቤት መስመሩ በመተላለፊያው በኩል እንዲገባ ጠይቁ፣ በፊቱ ሰው ግቢ ውስጥ አታሳልፉት። አጥሩን የምትሰሩት አሁን ነው፣ ፎቶ ካነሳችኋቸው ችካሎች ላይ ክር ወጥራችሁ።